ምህንድስናን በአራተኛ ዓመት አንጀምር

ለትምህርት ሚኒስቴር፤
በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚገኙ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሳይንቲፊክ ዳይሬክተሮችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፤

ጉዳዩ፦ የምህንድስና ተማሪዎች ሥራ የሚጀምሩበትን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ዓመት ስለማምጣት

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሕንፃ ግንባታ ሳይት ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። በየዓመቱ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎችን እንቀበላለን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ጣት ቶሎ ወደ ተማሪው ስለሚቀሰር ነው። "የዛሬ ልጅ አያነብም" ይባላል። እኔ የማያቸው ግን የታዘዙትን ሁሉ ሲያነቡ፣ ሲሸመድዱና ሲፈተኑ የኖሩ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዲሠሩ ማንም ያልጠየቃቸው ወጣቶች ናቸው።

አንድ የሲቪል ምህንድስና ተማሪን ሲ-25 ኮንክሪት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቁት ሳያመነታ ይመልሳል። ውሃው ከሲሚንቶው አንፃር በበዛ ቁጥር ጥንካሬው እንደሚቀንስም ያውቃል፤ ግራፉን ሳይቀር ይሥልላችኋል። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ግን የቀን ሠራተኛው አርማታው እንዲላላለት በባልዲ ውሃ ሲጨምር ይኸው ተማሪ አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ ምንም አይልም። ደፋር ስላልሆነ አይደለም። ግራፉና ባልዲው አንድ ነገር መሆናቸውን ያሳየው የለም። በገዛ እጁ አንድ ኪዩብ በትክክል፣ ሌላ ኪዩብ ውሃ አብዝቶ ሞልቶ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሁለቱንም ሰብሮ ልዩነቱን ያየ ልጅ ባልዲውን ሲያይ ዝም አይልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሁለት የብረት ሣጥንና አንድ መጭመቂያ ማሽን ነው። መጭመቂያው ደግሞ ሲቪል ምህንድስና በሚሰጥባቸው በአብዛኞቹ ግቢዎች አለ።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው፤ ችግሩ ያለው የትምህርቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። ከዚያ ፕሪ-ኢንጂነሪንግ ይመጣል፤ ሜካኒክስ፣ ድሮዊንግ፣ ተጨማሪ ሒሳብ። ቀጥሎ የዲፓርትመንት ምርጫ ነው። ሞተር ፈትቶ የማያውቅ ልጅ ሜካኒካልን ከኤሌክትሪካል የሚለየው ሲኒየሮች "ይከብዳል" ወይም "ሥራ አለው" ባሉት ወሬ ነው። ከተመደበ በኋላም ሌክቸሩ ይቀጥላል። እውነተኛ ሥራ ፊት ለፊት የሚገጥመው በኢንተርንሺፕ ነው፤ ያም የሚመጣው ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ተማሪው ለዓመታት መልስ ሲሰበስብ ከርሞ ጥያቄውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ቲዎሪው ይቀነስ አላልሁም፤ ጥያቄው ይቅደም ነው የምለው።

የተሻለውን ቅደም ተከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ጀማሪው ሰዋስውን ተምሮ እስኪጨርስ ቅኔ አይከለከልም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሙሉ ቅኔ ናት፤ ሰም አላት፣ ወርቅ አላት፣ ቤት ትመታለች። በእሷ የበረታ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ግሱንና አገባቡን ከዚሁ ጎን ለጎን ያጠናል፤ የሚያጠናውም ነገ ለሚቆጥረው ቅኔ ስለሚያስፈልገው ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይናገራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማቅረብ እዚያ ነውር ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪውን ስንት ዓመት ሰዋስው ሲያስጠና ከርሞ በመጨረሻው ሴሚስተር "በል እንግዲህ መወድስ ቁጠር" ይለዋል። ከዚያም ቅኔ ገዝቶ ሲመጣ ይደነቃል።

ምህንድስናም ጉባኤ ቃና አለው። የብዙ ግቢ ተማሪ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ አልደርስ ብሎ በጀሪካን ከታች ሲያመላልስ ይኖራል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በአራት በአራት አድርጋችሁ አንድ የግፊት መለኪያና አንድ ሜትር ስጧቸው። ከመሬት ጀምሮ በየፎቁ ይለኩ። ውሃ አሥር ሜትር ከፍታ በወጣ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት እንደሚያጣ ከደብተራቸው ሳይሆን ከመለኪያው መርፌ ያያሉ። ታንከሩ የት ቢቀመጥ፣ የቱ ቧንቧ ቢቀየር፣ ምን ዓይነት ፓምፕ ቢገባ እንደሚሻል አስልተው ለግቢው ጥገና ክፍል በሁለት ገጽ ያቅርቡ። ትንሽ ሥራ ናት፤ ሙሉ ምህንድስና ግን ናት፤ መለካት፣ ማስላት፣ መምረጥ፣ ዋጋ ማውጣትና ሰው ማሳመን አለባት። በሚቀጥለው ዓመት ፍሉይድ ሜካኒክስ ሲመጣ ቀመሩ ለዚያ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ መንገድ የተጓዙ አሉ። ዴንማርክ ውስጥ የሚገኘው አልቦርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲመሠረት ጀምሮ ትምህርቱን በቡድን ፕሮጀክት ዙሪያ ያዋቀረ ነው፤ ተማሪው የየሴሚስተሩን ግማሽ ያህል ጊዜ አንድ እውነተኛ ችግር ሲፈታ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አነጻጽሮ ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል የሚወድቀው ተማሪ ከመቶ 34 ገደማ፣ ተማሪው ራሱ በሚሠራበትና በሚከራከርበት ክፍል ግን 22 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እኛም ብንሆን ከባዶ አንነሣም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተቋቋመው በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክና በእርሻ መሣሪያዎች እጃቸው የሠለጠነ ባለሙያዎች ለማውጣት ነበር።

አሁን ወደ ፈተና ልምጣ፤ ያለ ፈተና ለውጥ ሌላው ሁሉ ምኞት ነውና። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው፤ በዚህም አይወቀስም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታው ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከ150 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ዝቅተኛ መለኪያ ማስቀመጡን እደግፋለሁ። ያመጣውንም ጣጣ ግን እዩት። የመጨረሻው ዓመት የቱቶሪያል፣ የሞዴል ፈተናና በቴሌግራም የሚዞር የምርጫ ጥያቄ ዓመት እየሆነ ነው። ተማሪው አንድ ነገር ሠርቶ ሊያሳይበት የሚገባው ጊዜ ከአራት ፊደል አንዱን በማጥቆር ልምምድ ያልፋል።

በምርጫ ጥያቄ የማይለካው ምን እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. ራሷ ምድር አሳይታናለች። በታኅሣሥና በጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሕዝቡ ሌሊት ከፎቅ ሲወርድ፣ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ይህ ሕንፃ ይችላል ወይ?" ያን ሰሞን የስትራክቸር ተማሪ በየክፍሉ ነበር። የሚተኛበት ዶርም ዕቅድ በግቢው መዝገብ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሕንፃው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ኮድ ነው ወይስ በ2015 በወጣው? ኮሎኖቹ የት ላይ ደካማ ናቸው? ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው ሲወጣ ምን ተለወጠ? እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ ከሌላ መገልበጥ አይቻልም፤ የእያንዳንዱ ሕንፃ መልስ ይለያልና። አንድ ሴሚስተር በዚህ ላይ የሠራ ተማሪ ኮዱን ለፈተና ሳይሆን ለራሱ ዕንቅልፍ ሲል ያነባል።

ስለዚህ የመውጫ ፈተናው አጠገብ ሌላ ሚዛን ይቀመጥ። ተመራቂው የሠራውን ፕሮጀክት ከዩኒቨርሲቲው ውጭ በመጣ ባለሙያ ፊት በቃል ይከላከል። ዛሬ ብዙ ግቢ በር ላይ "ፕሮጀክት እንሠራለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ይህን ገበያ በፖሊስ ማጥፋት አይቻልም። "ለምን ይህን ፓምፕ መረጥህ? ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር ምን ትቀይር ነበር? የመጀመሪያው ሙከራህ ለምን አልሠራም?" የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ግን ያቀዘቅዙታል። የገዛ ሰው ያልሠራ ሙከራ የለውም። ክርክሩንም ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ፣ ያድርግ፤ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በእንግሊዝኛው ድክመት የተነሣ ዝም የሚል ጎበዝ መሐንዲስ ስንቱ ነው!

ላብና ወርክሾፕ ለምን እንደሚቆለፉም በግልጽ እንነጋገር። "ዕቃ የለም" ይባላል፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ዕቃ ባለበትም ግን ይቆለፋል። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ንብረት ክፍል ጎራ ማለት ይበቃል። ቶርኖ ማሽኑ ወይም ኦሲሎስኮፑ በሞዴል 22 በአንድ የላብ ቴክኒሻን ስም ወጪ ሆኗል። ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ክሊራንስ የሚከለከለውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ በስሙ የተጻፈበት ሰው ማሽኑን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊለቅ አይችልም። ስለዚህ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ሠላሳው ተማሪ ከኋላው አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ከዚያ አንዱ የጻፈውን የላብ ሪፖርት ሁሉም ይገለብጣል። በቴክኒሻኑ አልፈርድም፤ ሥርዓቱ የሚሸልመው ያልተነካ ማሽን ነው።

መፍትሔው በአንድ መመሪያ የሚጻፍ ነው። በመማር ማስተማር ላይ የሚደርስ ተራ ብልሽት እንደ አላቂ ዕቃ ወጪ ይቆጠር፤ በጀቱም በየዓመቱ ይያዝለት። የላብ ኃላፊው ሲገመገም "ስንት ዕቃ ተሟልቶ አለ?" ብቻ ሳይሆን "እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ሰዓት በእጁ ሠራ?" ተብሎ ይጠየቅ። በየግቢው ጓሮ መወገጃ ጨረታ የሚጠብቀው የቆመ ጄኔሬተር፣ የተቃጠለ ፓምፕ፣ የሞተ ፎቶ ኮፒና አሮጌ መኪና ከመሸጡ በፊት ለአንድ ዓመት የጀማሪዎች መፍቻ ይሁን። ዶላር አይጠይቅም። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቀድሞ ቢጀምር ሌሎቹ የሚከተሉት ምሳሌ ይኖራቸዋል።

በወርክሾፕ ውስጥ አንድ ልማድም ይሰበር። ቡድን ሲመደብ መፍቻ ይዞ ብሎን የሚፈታው ወንድ፣ ደብተር ይዛ የምትመዘግበው ሴት ትሆናለች። ማንም አላዘዘም፤ እንዲሁ ይሆናል። አምስት ዓመት እንዲህ የመዘገበች ልጅ ሳይት ስትመጣ ቢሮ እንድትቀመጥ ይነገራታል፤ "ልምድ የላትም" የሚለው ሰበብ ግን የተሠራው ግቢ ውስጥ ነው። ሚናው በየሳምንቱ ይዙር፤ ውጤትም በየሚናው ይሰጥ።

ከምንሠራው ይልቅ የምንጠግነው እየበዛ መምጣቱም ከካሪኩለሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ብዙዎቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር ቆመዋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ እነሱን ለአሥርተ ዓመታት የሚያዞሩትና የሚጠግኑት ዛሬ በክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። ተማሪዎቻችን ግን አዲስ ነገር ስለመንደፍ እንጂ የተበላሸ ነገር ለምን እንደተበላሸ ስለመመርመር ብዙም አይማሩም። የቆመ ማሽን ተሰጥቶት "የሞተበትን ምክንያት አጣርተህ ጻፍ" የሚባል ተማሪ ከማንኛውም ስላይድ የበለጠ ይማራል።

ኢንተርንሺፑን በተመለከተ የማየውን ልንገራችሁ። ተማሪው ይመጣል፤ የሚሠራው አልተወሰነለትም። በብዙ ድርጅት ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ክፍያ ይመዘግባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ሎግቡኩ ይፈረምለታል። ከዩኒቨርሲቲው መምህር ሳይት ድረስ መጥቶ "ምን እየሠራህ ነው?" ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የመኪናና የውሎ አበል ነገር እንዳለበት ይገባኛል። ተማሪው ከግቢ ሲወጣ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይዞ ይውጣ፤ ለምሳሌ "በዚህ ሳይት ፌሮ ለምን ይባክናል? ስንት ይባክናል?" መልሱን ለድርጅቱም ለመምህሩም ያቅርብ። አሠሪውም የሚጠቅመው ነገር ሲያገኝ ተማሪ መቀበልን እንደ ውለታ አያየውም። ደግሞም አንድ ረጅም ኢንተርንሺፕ መጨረሻ ላይ ከመከመር፣ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ባለው ክረምት አንድ አጭር ቢቀድመው ልጁ የቀሩትን ኮርሶች በሌላ ዓይን ይማራቸዋል።

ስለ መምህራን የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛ፣ መምህሩ የሚያድገው ባሳተመው ጽሑፍ ከሆነና ለጥሩ ማስተማር ምንም ነጥብ ካልተቆጠረለት፣ ፕሮጀክት የሚያማክርበትን ሰዓት ከየት ያምጣው? ዕድገቱ ውስጥ ይቆጠርለት። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በሩን ለባለሙያ ይክፈት። ሃያ ዓመት ካሳፎርማ ሲያስመታ የኖረ ፎርማን ወይም ቶርኖ ላይ የሸበተ ባለሙያ ዲግሪ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ ቢያስተምር ልጆቹ ከእሱ የሚያገኙትን ከማንም አያገኙትም። የቅጥር መመሪያው ይህን ሰው በአንድ መስመር ይፍቀድለት።

"ተማሪው ብዙ ነው፣ በጀቱ ትንሽ ነው" የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰባ ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ከተወሰነ ወዲህ ክፍሎቹ ሞልተው ዕቃው ተመናምኗል፤ ይህ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ከዘረዘርኋቸው ነገሮች ግን የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። የውሃ ግፊት መለኪያ መርካቶ ይገኛል፤ ኪዩብ መሙያ ሣጥን የግቢው ብየዳ ክፍል ይሠራዋል፤ የቆመው ጄኔሬተር ጓሮ አለ። የሚጎድለው የመመሪያ ለውጥ፣ የሰዓት ድልድልና ውጤት አሰጣጥ ነው። ሦስቱም በእናንተ ፊርማ የሚያልቁ ናቸው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በእያንዳንዱ ኢንስቲትዩት ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አንድ የፕሮጀክት ኮርስ ይከፈት። ውጤቱ እንደ ሒሳብና ፊዚክስ የሚቆጠር ይሁን፤ አለዚያ ተማሪውም መምህሩም ይንቁታል። በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ነገር ለሕዝብ ይፋ አድርጉ፤ ተማሪዎቹ በአማካይ ስንት ሰዓት በእጃቸው ሠሩ፣ ምን ተሰበረ፣ ሰብረው ምን ተማሩ። የተሰበረ ነገር የሌለበት ሪፖርት ከመጣ ኮርሱ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት።

እኛ በሥራ ላይ ያለን መሐንዲሶችም የምናዋጣው አለ። ፕሮጀክት ሲገመገም ፈታኝ ሆነን እንድንመጣ ጥሩን፤ ሳይታችን ለጉብኝት ሳይሆን ለሥራ ክፍት እንዲሆን ስምምነት አዘጋጁና እንፈርም፤ የተበላሸብንን ፓምፕና ሞተር ለወርክሾፓችሁ እንድንሰጥ ደብዳቤ ጻፉልን። ጥሪውን የምንጠብቀው በዚህ ክረምት ነው፤ በመስከረም የሚገባው ተማሪ አራት ዓመት መጠበቅ የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳይት መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለምህንድስና መምህራንና የላብ ቴክኒሻኖች፤
ለሥራ ተቋራጮችና አማካሪ ድርጅቶች፤
ለተማሪዎች ኅብረቶች